ሰባት ወሩ ነው ያለችው አዋላጅ

ስለ ነገሥታት የሚጽፍ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ንጉሡ በዚህ ዘመቱ፣ በዚያ ግብር አበሉ፣ እንጦጦ ላይ ከተሙ ተብሎ ተጽፏል፤ ይጻፍ፣ አልቀናም። እኔ የማወራችሁ ግን ያን ጊዜ ከየካ ተራራ ግርጌ ትኖር ስለነበረችው ስለ ጂቱ ነው። ባሏ ነገሳ የሚባል ገበሬ ነበር። ስለ እሱ የሚነገረው ደግ እንደነበረና ብዙ እንደማይናገር ብቻ ነው፤ ከጂቱ ጋር የሚኖር ሰው ብዙ የመናገር ዕድልም አልነበረውም። ጂቱ አዋላጅ ናት። እጇ ይቀናል ስለሚባል ከየካ እስከ እንጦጦ አፋፍ ምጥ የያዛት ሴት ሁሉ የምታስጠራው እሷን ነበር።

አጭር፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ ድምፅዋ የሻከረ ሴት ነበረች ይላሉ። ምጥ ላይ ያለችን ሴት ስትቆጣ በአማርኛ፣ ስታባብል ደግሞ በኦሮምኛ ነው። ስለዚህ ከአማርኛ ሌላ የማያውቁት የእንጦጦ ሴቶች ቁጣዋን እየሰሙ ማባበሏ ሳይገባቸው ወለዱ። ማርያምንም ትጠራለች፣ የኦሮሞ ሴቶች ለወሊድ የሚማጸኗትን አቴቴንም ትጠራለች። የእንጦጦው ቄስ መምሬ ገብረ ክርስቶስ ይህን ሰምተው ቢገሥጿት፣ «መምሬ፣ ቤት ሲቃጠል ውሃ ይዞ የመጣውን የማን ልጅ ነህ ብለው ይጠይቃሉ?» አለቻቸው ይባላል። እሳቸውም ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለፉ።

ያን ጊዜ እንጦጦ ዛሬ እንደምናየው በባሕር ዛፍ የተሸፈነ አልነበረም። ጥዱና ወይራው ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተጨፍጭፎ ጋራው ራሰ በራ ሆኗል። ክረምት ሲገባ ጭጋጉ እንደ ቤተሰብ ጎጆ ውስጥ ገብቶ ያድራል። የንጉሡን ሰፈር ተከትለው ከአንኮበር፣ ከቡልጋ፣ ከመንዝ የመጡ ሴቶች ብዙ ነበሩ። በአገሩ ወግ ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ሄዳ ነው፤ የእነዚህ እናቶች ግን ሩቅ አገር ናቸው፣ ባሎቻቸውም ሁልጊዜ ዘመቻ ላይ ናቸው። ስለዚህ ጂቱ ትጠራለች፣ እያጉረመረመች ዳገቱን ትወጣለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ያን ጊዜ ሁሉም የሚያምነው አንድ ነገር ነበር፤ ዛሬ ጨርሶ ጠፍቷል ብዬም አልዋሽም። በዘጠኝ ወሩ የተወለደ ልጅ ያድጋል። በሰባት ወሩ የተወለደም ያድጋል። በስምንት ወሩ የተወለደ ግን አያድግም። ለምን ብትሉ የሚመልስ አታገኙም። በእናቱ ማኅፀን አንድ ወር የጨመረ ልጅ ምን አጠፋ ብሎ የጠየቀም የለም። ሁሉም ከእናቱ ሰምቶታል፣ እናቱም ከእናቷ፤ በዚሁ አለቀ።

የዚህ እምነት ክፋቱ እጅ ማስጣጠፉ ነው። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ልጅ ትንፋሽ ያጥረዋል። የሰባት ወር ነው ከተባለ ቤቱ በሙሉ ይነሳል፤ ያሞቁታል፣ ያቅፉታል፣ ይሳሉለታል። የስምንት ወር ነው ከተባለ ግን ሰዉ ይቀመጣል። ልጁን በጨርቅ ጠቅልለው መደብ ላይ ያኖሩታል፤ እናቲቱ እንዳትለምደው ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞሯታል። ልጁም እንደተጠበቀው ይሞታል። ከዚያ «አላልንም?» ይባላል።

ጂቱ ሥራውን የተማረችው ከባሏ አክስት ከበለጡ ነው። ገና ሙሽራ ሳለች፣ የካ ውስጥ በአንድ ገበሬ ቤት፣ አንዲት የስምንት ወር ሕፃን መደብ ላይ ተኝታ ከጠዋት ጀምሮ ስትተነፍስ አየች። «ለምን አናቅፋትም?» ብትላት፣ በለጡ «ተያት ልጄ፣ የእኛ አይደለችም» አለቻት። በለጡ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይህን ስትናገር እንባዋ ይወርድ ነበር። ማታ ላይ ሕፃኗ አረፈች። ጂቱ ግን ቀኑን ሙሉ ብቻዋን የተነፈሰች ልጅ፣ ሰው ቢረዳት ሌላም ቀን ትተነፍስ ነበር የሚል ሐሳብ ከልቧ አልወጣላት አለ። ተናደደች። የሷ ነገር እንዲህ ነው፤ ስታዝን ትናደዳለች።

በለጡ ሞታ ሥራው በእጇ ሲገባ፣ ጂቱ ከማንም ጋር ሳትማከር አንድ ነገር ጀመረች። የስምንት ወር ልጅ ባጋጠማት ቁጥር ጥፍሩን ታያለች፣ ጆሮውን ትዳስሳለች፣ ከዚያ «ሰባት ወሩ ነው» ትላለች። እናቲቱ ብትጠራጠር «ቁጥሩ ተሳስቶብሻል፣ እኔ ነኝ የማውቀው» ብላ ትቆጣታለች። ማን ይከራከራታል? ቤተሰቡ ሰባት መባሉን ሲሰማ ይነሳል። ሁሉም ዳኑ አልላችሁም፤ ብዙ ሞተዋል። የዳኑ ግን ነበሩ፤ የካ ውስጥ ከብት ሲያግዱ፣ ውሃ ሲቀዱ ታያቸዋለች፤ አንዳቸውም አያውቁም።

እንግዲህ በ፲፰፻፸፯ ዓ.ም. ገደማ፣ በሐምሌ ሥላሴ ጠዋት፣ የማርያምወርቅ የምትባል ልጅ እግር ሴት እንጦጦ ላይ ምጥ ያዛት። ባሏ ሠረቀብርሃን የንጉሡ ድንኳን ቤት ሰው ነው። ከኅዳር ሚካኤል ማግስት ጀምሮ ከጦሩ ጋር ወደ ደቡብ ሄዶ ገና አልተመለሰም። ጎጆው ውስጥ ያሉት እሷና አማቷ፣ የሠረቀብርሃን እናት፣ እሜቴ ወለተጊዮርጊስ ብቻ ነበሩ። እሜቴ የቡልጋ ሰው ናቸው፤ ጾም የማያጎድሉ፣ ዋሽተው አያውቁም የሚባልላቸው። እንዲህ ካለ ሰው ጋር አንድ ቤት መኖር ቀላል አይደለም፤ የማርያምወርቅ ግን ትወዳቸው ነበር።

ጂቱ ከየካ እያለከለከች ስትደርስ ልጁ ለመውጣት ተቃርቧል። ወንድ ነው። ፀጉር አለው፣ ጥፍር አለው፤ የጎደለው ሥጋ ነው። አለቀሰ፤ ለቅሶው ግን ወዲያው ተቆረጠ። አየር ሲስብ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ አፍንጫው ይከፈታል ይዘጋል። ሲያስወጣ ደግሞ ሸክም እንደከበደው ሰው «እህ፣ እህ» ይላል። ከንፈሩ ዙሪያ ጠቆረ።

እሜቴም ይህን ድምፅ ያውቁታል። ወሩን በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። ከዚያ ተነሡና ልጁን ከጂቱ እጅ ወስደው በነጠላቸው ጠቀለሉት። ውጭ ዝናብ ነው፣ ጭጋጉም አንድ ክንድ አያሳይም።

«ወዴት ነው እሜቴ?» አለች ጂቱ።

«ቤተ ክርስቲያን። ሳይጠመቅ እንዳይሞትብኝ። ነፍሱን እንኳ ላትርፍ።»

«በዚህ ብርድ ካወጡት መንገድ ላይ ይቀራል።»

«እዚህስ ቢሆን ይቀር የለ? አንቺም ታውቂያለሽ፣ ይህ ልጅ...»

«ሰባት ወሩ ነው» አለች ጂቱ አቋርጣቸው።

እሜቴ በሩ ላይ ቆሙ። «ሰባት?»

«ሰባት። ጥፍሩን ይዩት፣ ጆሮውን ይዩት። የስምንት ወር ጆሮ እንዲህ ነው? ይልቅ ያምጡት፣ ያድጋል።»

እሜቴ ወለተጊዮርጊስ የጂቱን ፊት ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ልጁን መልሰው ሰጧት። «ሰባት ከሆነስ ያድጋል» አሉና ነጠላቸውን አደግድገው ለሥራ ቀረቡ።

ጂቱ ከዚያ በኋላ ያደረገችው አስማት አይደለም። ምድጃው ላይ እርጥብ ጥድ እየጨሰ ጎጆዋን ሞልቷት ነበር። «ትልቁን ሰው የሚያስለቅስ ጭስ ለዚህ ምን ሊሆን ነው?» እያለች ጉማጁን ነቅላ ዝናብ ላይ ወረወረችው፤ የቀረው ፍሙ ብቻ ነው። የልጁን አፍና አፍንጫ በአፏ እየመጠጠች የዘጋውን ዝልግልግ ተፋችው። ጀርባውን በደረቅ ጨርቅ አሸችው። ከዚያ የማርያምወርቅን ደጋፊ ሰጥታ አስቀመጠቻት፣ ቀሚሷን ከደረቷ ገልጣ ልጁን ራቁቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው፤ እግሩን አጥፋ፣ ሆዱን ከሆዷ አጣብቃ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙራ። በላዩ ጋቢ ደረበች።

እሜቴ በጣታቸው ቅቤ ይዘው ቀረቡ። አራስ ልጅ እንደተወለደ ቅቤ ይውጣል፤ ወግ ነው፣ አንጀቱን ያለሰልሳል ይባላል። ጂቱ እጃቸውን ያዘች።

«ትንፋሽ ያጠረው ልጅ የሚውጠውን ወዴት እንደሚልከው አያውቅም። ሲረጋጋ ያስውጡታል።»

«ሳንሰጠው ቢቀር ይከፋብን ይሆን?»

«ምንም አይከፋም። ይልቅ የእናቱን እንገር በጥጥ ነክረን ከንፈሩን እናርስለታለን፤ ቆይተን።»

እሜቴ ቅቤውን ራሳቸው ላይ ቀቡትና ተቀመጡ። እንገር የሚደፋ ነገር እንጂ የሚጠጣ መሆኑን ሰምተው አያውቁም፤ ነገር ግን ሰባት ተብሎላቸው የለ፣ ምን ያልታዘዙት አለ?

አንዳንዴ ልጁ መተንፈስ ይረሳ ነበር። ያኔ ጂቱ የእግሩን ውስጥ በጥፍሯ ትነካካዋለች፤ «ኧረ አንተ! ገና መምጣትህ አይደለም እንዴ?» ብላ ትቆጣዋለች። ልጁም የተቆጣ ይመስል ፊቱን አኮማትሮ ይስባል። በዚህ ዓይነት ዋለ። በማግስቱ የማርያምወርቅ ደከመች፤ ዐይኗ እየተከደነ ልጁ ከደረቷ ይንሸራተት ጀመር። ጂቱ ወደ አማቷ ዞረች።

«እሜቴ፣ ደረትዎን።»

እሜቴ ወለተጊዮርጊስ ባላቸው ከሞተ ወዲህ አንገታቸውን እንኳ ለሰው ገልጠው ያላሳዩ ሴት ናቸው። ወደ ግድግዳው ዞረው ቀሚሳቸውን ፈቱ። ልጁን ደረታቸው ላይ ሲያኖሩላቸው እንደ ሕፃን ደነገጡ፤ ልቡ በፍጥነት ይመታ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ከምራታቸው ጋር እየተፈራረቁ ታቀፉት። በታቀፉት ቁጥር ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጂቱ ጸሎት መስሏት ጠጋ ብላ ብታዳምጥ «ሰባት ነው፣ ያድጋል፤ ሰባት ነው፣ ያድጋል» ነው የሚሉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ልጁ ቢሞት ኖሮ ሳይጠመቅ ነበር የሚሞተው። ሰው ያኔ ከሞት ይልቅ ይህን ይፈራል። ጂቱ በአንዲት ቃል የሌላ ሰው ልጅ ነፍስ በራሷ ላይ ወስዳለች፤ ያን ሰሞን እህል በአፏ እንዳልዞረ ስንቅ ያመላለሰላት ነገሳ ለሰው ተናግሯል። እኔ ብሆን እደፍር ነበር? አይመስለኝም።

ልጁ አልሞተም። «እህ፣ እህ» ማለቱ እየራቀ ሄደ፤ ጎኑ መሰርጎዱን ተወ፤ አንድ ቀን ጡት ይዞ አልለቅ አለ። ጂቱ ያን ቀን ሞልታ በላችና ወደ ቤቷ ወረደች። በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ፤ አዱኛ ተባለ። እሜቴም በየደጁ «የሰባት ወር ልጄ፣ የሰባት ወር ጀግናዬ» እያሉ አሳዩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ እንጦጦ ላይ የአዱኛን ወር የማያውቅ ሰው አልቀረም።

ሠረቀብርሃን በጥቅምት ተመለሰ። ገና ሰፈሩ ሲደርስ የጓደኛው ሚስት እልል ብላ ተቀበለችው። «እንኳን ደስ ያለህ! የሰባት ወር ልጅ እንዲህ ሲወፍር አይተን አናውቅም!» አለችው። ሰውዬው የድንኳን ቤት ሰው ነው፤ ሥራው ካስማ መቁጠር፣ ገመድ መቁጠር ነው። ከሐምሌ ሥላሴ ወደ ኋላ ቆጠረ። ሰባቱ ወር ታኅሣሥ ላይ አደረሰው። በታኅሣሥ እሱ አዋሽን ከተሻገረ ሰንብቷል።

የማርያምወርቅ መምጣቱን ሰምታ ልጇን ታቅፋ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። ባሏ እስከ አጥሩ መጣ፤ ልጁን አየ፣ እሷን አየ፤ ተመልሶ ሄደ። ጓደኛው ዘንድ አደረና በማግስቱ ሽማግሌ ላከ፤ ይለያዩን አለ። እሷ ማለች፣ ተገዘተች፣ ማን ይስማት? እሜቴ ወለተጊዮርጊስን ሽማግሌዎቹ ቢጠይቋቸው ዝም አሉ። ምራታቸው እግራቸው ላይ ብትወድቅ አነሧት፣ እንባዋን ጠረጉላት፤ ግን ዝም አሉ።

የማርያምወርቅ ልጇን አዝላ ወደ የካ ወረደች። ጂቱ ጎመን ማሳዋ ውስጥ ነበረች።

«እማማ ጂቱ፣ ምን በድዬዎት ነው?» አለቻት።

ጂቱ ልጁ የታመመ መስሏት ወደ ጀርባዋ ሮጠች፤ አዱኛ ተኝቶ ያንኮራፋል። ወጣቷ ነገሩን እያለቀሰች ስትነግራት የያዘችው ጎመን ከእጇ ወደቀ። ከዚያ በፊት ይህን አስባው አታውቅም። የየካ ገበሬ ማታ ማታ ቤቱ ነው፤ ወር ቢጨመርበት ወር ቢቀነስበት ግድ የለውም። የዘማች ሚስት ግን ሌላ ናት። ጂቱ በገበሬ ቤት የለመደችውን ውሸት ዳገት ይዛው ወጥታለች፤ የማርያምወርቅንም ገደል ከታታለች።

«ነይ» አለች እጇን በቀሚሷ ጠርጋ። «ዋሽቻለሁ እላቸዋለሁ፣ ያልቃል።»

አላለቀም።

ሽማግሌዎቹ ከእንጦጦው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ከመጥረቢያ ከተረፈች ወይራ ሥር ተቀመጡ። መምሬ ገብረ ክርስቶስ መካከል ናቸው፤ ከየካም ሰቦቃ የሚባል ትልቅ ሰው ተጠርቷል። ሠረቀብርሃን በአንድ ወገን ቆመ፣ የማርያምወርቅ በሌላው። እሜቴ ልጁን ታቅፈው ከሁለቱም ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

ጂቱ ቆመች። «ንጉሥ ይሙት፣ ዋሽቻለሁ! ልጁ የተወለደው በስምንት ወሩ ነው። ሰባት ያልኩት እጃችሁን እንዳታጣጥፉበት ብዬ ነው።»

ጉርምርምታ ሆነ። ሰቦቃ በክፋት ሳይሆን ከልቡ ግራ ገብቶት ጠየቀ። «ጂቱ፣ ስምንት ከሆነ ታዲያ እንዴት አደገ?»

«ታቅፈነው ነዋ!»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የስምንት ወር ልጅ አያድግም፤ ይህ ልጅ አድጓል፤ እንግዲህ የስምንት ወር አይደለም። ከዚህ የበለጠ ቀጥ ያለ ነገር ለእነሱ አልነበረም። ምስኪኑ አዱኛ በሕይወት መኖሩ ብቻ በእናቱ ላይ መሰከረ። ጂቱ «ሌሎችም አሉ» ልትል አፏን ከፈተች። የእነማን ቤት እንደሆነ ልትጠየቅ ነው፤ የእነዚያንም ቤት ልትበጠብጥ ነው። አፏን ዘጋችው።

«አንቺ ሴትዮ» አለ ሠረቀብርሃን። «ያን ጊዜ ዋሸሁ አልሽ። ዛሬስ እንዳልዋሸሽ በምን ልወቅ? አዝነሽላት ቢሆንስ?»

ምጥ የማያደነግጣት ጂቱ እዚያ ሰው መካከል ቆማ ላብ አጠመቃት። «ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል» አለ አንዱ ሽማግሌ፤ አያያዟ እንዳላማረ ለመንገር ነው። መምሬ ገብረ ክርስቶስ ለመፍረድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የማርያምወርቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ቆዩ መምሬ» አሉ እሜቴ ወለተጊዮርጊስ።

ልጁን እንደታቀፉ ተነሡ። «ባለፈው ዓመት በጥቅምት ማርያም ምራቴ የት ቆማ አስቀደሰች?»

መምሬ ግራ ተጋቡ። «ይህን እኔ በምን አውቃለሁ?»

«ከቅጽሩ ውጭ። የወር አበባ ላይ ስለነበረች መግባት አልቻለችም። ጸበሉን በእጄ ይዤ ወጥቼ ያቀመስኳት እኔ ነኝ። በኅዳር ጽዮንስ?»

መምሬ አሰቡ። ቆይተው «በኅዳር ጽዮንማ ከእርስዎ ጎን ነበረች» አሉ። «መስቀል አሳልሜያታለሁ። ባሏ በሰላም እንዲመለስ ጸልዩልኝ ብላኛለች።»

«እንግዲህ ወሯ ሲሆን ከደጅ መቅረት ሲገባት ገባች። ያን ጊዜ ይህ ልጄ ሠረቀብርሃን ከቤቱ ከወጣ ሳምንት ቢያልፈው ነው። አበባዋ ወዴት ሄደ? ሚስቶቻችሁን ጠይቁ፣ ይነግሯችኋል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሠረቀብርሃን ወደ እናቱ አንድ እርምጃ ቀረበ። «እምዬ፣ ይህን ታውቂ ነበር? ለምን ዝም አልሽኝ?»

እሜቴ ለልጃቸው ከመመለሳቸው በፊት ሕፃኑን አጥብቀው ያዙት። «የተወለደ ቀን ወሩን በጣቴ ቆጥሬ ነበር። ጂቱ ያልጨረስኩ መስሏት አቋረጠችኝ፤ እኔ ግን ጨርሻለሁ። ስምንት ነበር። መዋሸቷን እያወቅሁ ዋሸሽ አላልኳትም። ውሸቷን ወደድኩት። ከዚያ ወዲህ ያን ቁጥር ከአፌ ላወጣው ፈራሁ፤ ባወጣው ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ። ሞቱን ፈርቼ ይህችን ንጹሕ ልጅ አሳልፌ ልሰጣት ነበር።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «እንግዲህ ሁላችሁም ስሙ። ስምንት ወሩ ነው። የእግዜር ፈቃድ ይሁን፣ ስምንት ወሩ ነው።»

ይህን እንዳሉ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። ጆሯቸውን የሕፃኑ አፍንጫ ላይ ደፍተው ያዳምጡ ጀመር። ጂቱ ሮጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ብዙ ነገር ሆነ። መምሬ ፈረዱ፤ ሠረቀብርሃን በወጉ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ሚስቱ እግር ላይ ወደቀ፤ እሷም ቶሎ አላነሣችውም፣ ደግ አደረገች። ጂቱም ስለ ውሸቷ በየካ ሚካኤል ስግደት ታዘዘባት። እሜቴ ወለተጊዮርጊስ ግን ከዚህ አንዱንም አላዩም። ሕፃኑ ሲተነፍስ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል ብቻ ነበር የሚያዩት። ያን ሳምንት በሙሉ እንዲሁ ሲያዩት ሰነበቱ።

ጂቱ ስግደቱን እያጉረመረመች ፈጸመች። ያስጨነቃት እሱ አልነበረም። ውሸቱ አሁን ታውቋል፤ የካም እንጦጦም ወሬው ይኸው ነው። ከእንግዲህ ሰባት ነው ብትል ማን ያምናታል? ሰዉ ራሱ ይቆጥራል፤ ስምንት ሲሆንበትም እንደ ድሮው ይቀመጣል። አንዲትን እናት አዳንሁ ብዬ ገና ያልተወለዱትን ገደልኳቸው ብላ ታዝን ነበር። በየመንገዱ የሚያገኟት ሴቶችም «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እያሉ ይተርቧታል፤ እሷ ደግሞ የባሰ መልስ ትሰጣለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ዝም ትላለች። ነገሳ ዝምታዋን ስላልለመደው ተጨነቀ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጥቂት ሴቶች አዋለደች፤ ሁሉም በዘጠኝ ወራቸው ስለወለዱ የፈራችው አልደረሰም። እየጠበቀች ነበር።

በየካቲት አንድ ጠዋት ጂቱ ወንዝ ዳር ጨርቅ ስታጥብ ከዳገቱ ላይ ድምፅ ሰማች። ቀና ብላ ብታይ እሜቴ ወለተጊዮርጊስ ናቸው። ነጠላቸው ከራሳቸው ወርዶ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ዱላቸውን እያቀደሙ በዚያ ዕድሜያቸው ቁልቁል ይንደረደራሉ። ለሰው አንገታቸውን የማያሳዩት ሴት በዚያ አገር ፊት ራሳቸውን ተገልጠዋል። ወንዙ ጋ ለመድረስም አልታገሡም፤ አፋፉ ላይ ሆነው፣ ገበሬው ሁሉ ከማሳው ቀና እስኪል ድረስ ጮኹ።

«ጂቱ! የጎረቤቴ ልጅ ወለደች! ስምንት ወሩ ነው! ትንፋሽ አጥሮታል፤ ጭሱን አውጥቼ እናቱ ደረት ላይ አድርጌው ነው የመጣሁ! ቶሎ ድረሺ፣ ስምንት ወሩ ነው!»

ጂቱ ጨርቁን ውሃ ላይ ትታ ሮጠች። ለስምንት ወር ልጅ ቶሎ ድረሱ ተብሎ ሲጮህ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም ነበር።